ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ጣሪያ

አጎቴ በሕይወቱ ለራሱ ብቻ ብሎ የገዛው ነገር አንድ ነው፤ ጣሪያው የሚከፈት አሮጌ መኪና። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ረጅም ዘመን ታክሲ ነድቷል። ከሚያገኘው ላይ ለአያቴ መድኃኒት፣ ለወንድሞቹና ለእህቶቹ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ሲልክ ነው የኖረው። ከእነዚያ ልጆች አንዱ እኔ ነኝ። ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ ስገባ አልጋውን ለቆልኝ ሶፋ ላይ የተኛው እሱ ነው። በ2009 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ጸደይ ላይ ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት በር የጀርመን መኪና እየነዳ አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አጠገብ ወደምንኖርበት አፓርታማ ሲመጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ ዛሬም አልረሳውም። ልጅ ሳለ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ሲወጣ ያየው ክፍት መኪና ከልቡ አልወጣም ነበር።

ጊዜው ለታክሲ ሾፌር የከፋ ነበር። ከዓመት በፊት፣ በ2008፣ ዲሲ የዞን ሒሳቡን ትቶ ሜትር አስገብቷል፤ ገቢዬ ወረደ የማይል ሾፌር አልነበረም። የኢኮኖሚው ቀውስም ገና አልበረደም። መኪናው በርካሽ የተሸጠለት ጣሪያው "አንዳንዴ ያስቸግራል" ተብሎ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ሠራ። እሑድ እሑድ ሸራውን ገልጠን በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ እስከ ማውንት ቨርነን ሄደን እንመለስ ነበር። አጎቴ በእነዚያ ሰዓታት ስለ ሥራ አያወራም። ስለ ልጅነቱ ያወራል፣ ያንጎራጉራል።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሊዘጋው ማብሪያውን ሲጫን፣ የኋላው መክደኛ ወደ ላይ ተነሣ፣ ሸራው ከጉድጓዱ ግማሽ ያህል ወጣ፣ እዚያው አየር ላይ ቆመ። ማብሪያውን ለቆ ደግሞ ቢጫነው ከኋላ የደከመ ማጉረምረም ብቻ ይሰማል። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው። እዚያ ያለው ሰው ድምፁን ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ "ፖምፓው ተቃጥሏል፤ ከነሞተሩ ይቀየር" አለ። የጠየቀው ዋጋ መኪናው ከተገዛበት ብዙም አይርቅም። አጎቴ ሸራውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ በገመድ አስሮ ወደ ቤት መለሰው። ስለ ዋጋው ምንም አላለም። ማታ እራት ላይ ግን እንጀራውን ሳይነካ ነው የተነሣው።

ጋሼን ያወቅኋቸው በዚህ ምክንያት ነው። ጋሼ የአጎቴ የስደት ወዳጅ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል አብረው ወጥተዋል። አዲስ አበባ ተግባረ እድ የመኪና ኤሌክትሪክ ተምረዋል፣ ሱማሌ ተራ አካባቢ ባሉ ጋራዦች ከቮልስዋገንና ከፊያት ሥር ሲወጡና ሲገቡ ጎልምሰዋል። አሜሪካ ግን ያ ሁሉ ትምህርትና ልምድ በወረቀት የሚታወቅላቸው አላገኙም። ዳውንታውን ዲሲ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ይቆርጡ ነበር። የእኛ ሰው መኪናው ሲታመም ግን የሚደውለው ለእሳቸው ነበር፤ ገንዘብ ሲሰጧቸው ይቆጡ፣ ቡና ሲፈላላቸው ደስ ይላቸው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ነጠላቸውን በጥንቃቄ አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝ፣ ከመኪናቸው ቱታ አውጥተው ለበሱ። ከዕቃቸው ውስጥ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የቁልፍ ስብስብ፣ የእጅ ባትሪና አንድ ቢጫ ቴስተር ነበሩ። አንዱንም ሳይነኩ መጀመሪያ ጠየቁ።

"ማነው ፖምፓው ተቃጠለ ያለው?"

"ጥገና ቤቱ ነው ጋሼ።"

"ምን ብሎ ለካው?"

"አልለካውም፤ ሰምቶ ነው" አለ አጎቴ።

"እንግዲያው ገና አልታወቀም ማለት ነው" አሉ፤ ወደ እኔ ዞረውም "አንተ ልጅ፣ ወረቀትና እስክሪቢቶ አምጣ" አሉኝ።

በፖስታ ጀርባ ላይ ያስጻፉኝን አሁንም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። እንዲህ ያለው ጣሪያ የሚንቀሳቀሰው በዘይት ግፊት ነው። ከኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ትንሽ ፖምፓ አለ። ፖምፓው ዘይቱን በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፒስቶኖቹ ይገፋል። አንዳንዶቹ ፒስቶኖች ከፊት መስታወቱ በላይ ያለውን መቆለፊያ ይከፍታሉ፣ አንዳንዶቹ የኋላውን መክደኛ ያነሣሉ፣ ትልልቆቹ ሸራውን ከነብረት አጥንቱ ይሸከማሉ። ሥራው በተራ ነው። መስኮቶቹ በትንሹ ይወርዳሉ፤ የፊቱ መቆለፊያ ይለቃል፤ መክደኛው ይነሣል፤ ሸራው ታጥፎ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ መክደኛው ይመለሳል፤ ይቆለፋል። ሲዘጋ ደግሞ ይኸው በተገላቢጦሽ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ መጨረሻ ላይ የጥፍር ያህል የምታህል ማብሪያ ተቀምጣለች፤ ክፍሉ ቦታው ሲደርስ ትጫናለች፣ ለኮምፒውተሩ "ደርሷል" ብላ ትናገራለች። ጋሼ ኮምፒውተሩን የእድር ስም ጠሪ ይሉት ነበር። የመጀመሪያው አባል "አቤት" ካላለ ሁለተኛውን አይጠራም።

"ስለዚህ" አሉ፣ "ጣሪያው የት ላይ እንደቆመ ማየት የጥያቄው ግማሽ ነው። የተጠራው ማን ነው? አቤት ያላለው ማን ነው? ሌላው ግማሽ ድምፁ ነው። ጭራሽ ዝም ካለ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ማብሪያ ወይም ኮምፒውተሩ ፈቃድ ነፍጎታል። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ዘይት ጎድሏል ወይ አንድ ቦታ ታፍኗል። እንደዚህ እያጉረመረመ፣ እየደከመ የሚቆም ከሆነ ደግሞ እህል ያጣው ሞተሩ ነው። መብራቱ እየደረሰው አይደለም።"

የኋላውን ምንጣፍ ገለጥን። ሥሩ እርጥብ ነበር፣ የሻጋታ ሽታም ነበረው። ጋሼ ሽታውን ሲያሸቱ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር በራ፤ ያን ጊዜ ግን ምንም አልተናገሩም። የዘይቱን መጠን አዩ፤ ትንሽ ቢጎድልም ከዝቅተኛው መስመር በላይ ነው። ከዚያ የፖምፓውን ሶኬት ነቀሉ፣ አጎቴ ማብሪያውን ሲጫን በቴስተሩ ሶኬቱ ላይ ለኩ። የባትሪው ቮልት ሙሉ በሙሉ እዚያም አለ። እኔ ያን ዓመት ኖቫ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ መግቢያ ትምህርት እወስድ ነበርና "ጋሼ፣ መብራቱስ እየደረሰው ነው" አልኩ።

"ቆሞ ነው የለካነው። ሥራ ላይ ሳለ እንለካው" አሉ።

ሶኬቱን መልሰን መኪናውን አስነሣን። አጎቴ ማብሪያውን ተጫነ፣ ፖምፓው ማጉረምረም ጀመረ፣ ጋሼ ቁጥሩን ጮክ ብለው እያነበቡ እኔ ጻፍኩ። ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት። ፖምፓው ላይ 9.6። 4.2 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል። የት? ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ፖምፓው ፖዘቲቭ ያለውን ለኩ፤ 0.4 ብቻ። ከፖምፓው ኔጋቲቭ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ያለውን ሲለኩ 3.8 ወጣ። ጋሼ ቴስተሩን አስቀመጡና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "ማሳው ነው" አሉ።

ማሳ የሚሉት ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ ነው። ኮሌጅ ውስጥ የኦምን ሕግ በቃል እንወጣ ነበር፤ ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 ያሳተመው፣ ቮልት ማለት የአምፔርና የኦም ብዜት ነው የሚለው። እዚያ የመኪና ማቆሚያ ላይ ግን ሕጉን በዓይኔ አየሁት። እንዲህ ያለ ፖምፓ ጭነት ላይ ሲሆን 25 አምፔር ያህል ቢስብ፣ የ0.15 ኦም ተቃውሞ ብቻ 3.75 ቮልት ይበላል። 0.15 ኦም በቴስተር ቢለካ ከቴስተሩ ከራሱ ሽቦ ተቃውሞ ተለይቶ አይታይም፤ "ደህና ነው" ብሎ ያልፈዋል። ፖምፓው ተነቅሎ ሳለም ምንም አምፔር ስለማይሄድ ምንም ቮልት አይጠፋም፤ ቁጥሩ ሙሉ ይመስላል። ስሕተቱ የሚታየው ሥራ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ከመምህሮቼ ማንም እንደ ጋሼ አላስረዳኝም።

የማሳውን ብሎን ሳንፈታ ሰማዩ ጠቆረ። የቨርጂኒያን ሰመር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲያይል ደመናው በደቂቃዎች ተሰብስቦ እንደ ነሐሴ ዶፍ ይለቀዋል። ጣሪያው ደግሞ እንደቆመ ነው። ጋሼ ከፖምፓው ጎን ያለችውን የማለፊያ ብሎን በቁልፍ በጥቂቱ አላሏት። እሷ ስትላላ ግፊቱ ይለቅና ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው መመለስ ይችላል፤ ያኔ ጣሪያውን በእጅ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ብሎኗን ከመንካታቸው በፊት ግን ከመኪናቸው አንድ የእንጨት ጣውላ አምጥተው ከተነሣው መክደኛ ሥር አቆሙ።

"ይሄን አትርሳ" አሉኝ። "መክደኛውን የያዘው ግፊቱ ነው። ግፊቱን የሚለቅ ሰው እጁም ራሱም ከሥሩ መሆን የለበትም።"

ከላይኛው ፎቅ አንድ የኤል ሳልቫዶር ሰው ሳንጠራው ወርዶ መጣ። አራት ሆነን፣ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት፣ ጋሼ "ቀስ፣ እኩል፣ እኩል" እያሉ ሸራውን አንሥተን ወደ ፊት አመጣነው። አንዱ ጎን ከቀደመ አጥንቱ ይጣመማል፤ ስለዚህ እርምጃችን የቀብር ሣጥን እንደተሸከመ ሰው እርምጃ የተመጠነ ነበር። ፊት መስታወቱ ላይ ሲያርፍ መቆለፊያውን በእጅ አጠበቁት። ዝናቡ የወረደው የመጨረሻውን ዙር ሲያዞሩ ነው። ሁላችንም ውስጥ ገብተን ተቀመጥን፤ የሳልቫዶሩ ጎረቤታችንም። ዶፉ ሸራው ላይ ሲመታ ማንም አላወራም ነበር፤ ጠብ ያለ ውኃ ግን አልነበረም።

የአፓርታማው አስተዳደር በማቆሚያው ላይ መኪና መጠገን ይከለክል ነበርና የቀረውን ሥራ የሠራነው የማኅበራችን አባል በሆነ ሰው ቤት ጓሮ ነው። ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁት ውኃው ከየት መጣ ብለው ነው። የታጠፈው ሸራ ከሚተኛበት ጉድጓድ ጥግና ጥግ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። መኪናው ለዓመታት ከዛፍ ሥር ሲቆም ቅጠሉ በስብሶ ጭቃ ሆኖ ደፍኗቸዋል። ውኃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ኮፈን ገብቶ ምንጣፉ ሥር ተኝቷል። ማሳው የታሰረበት ብሎን ያለው ደግሞ በትክክል እዚያ ነው። ብሎኑን ስንፈታው አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ወረደ። ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ አሹት፣ የሽቦውን ጫፍ አጸዱ፣ መልሰው አጠበቁት፣ ላዩን ቫዝሊን ቀቡት። የውኃ መውረጃዎቹን የከፈቱት የሣር ማጨጃ ማሽን በሚጠቀምበት ወፍራም የናይለን ክር ነው፤ ብረት ቢያስገቡ ቱቦውን ይበሳዋል። ከዚያ በጠርሙስ ውኃ አፈሰሱ፣ ከመኪናው ሥር እስኪንጠባጠብ ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ይህን ሳያደርጉ ማሳውን ብቻ ጠግነው ቢሄዱ በቀጣዩ ዓመት ያው በሽታ ይመለስ ነበር።

ፖምፓው ላይ እንደገና ለካን። 13.2። ተቃጥሏል የተባለው ሞተር ጥርት ብሎ ዘፈነ። ሸራው ያለ ምንም ድካም ተነሣ፣ ታጠፈ፣ ወረደ። አጎቴ እጁን አጨበጨበ። ከዚያ መክደኛው መመለስ ሲገባው ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። አሁን ፖምፓው ጭራሽ ዝም ብሏል።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይመስለኛል። አንዱን ጠግነህ ሌላው ሲወጣ፣ የመጀመሪያውም ያልተጠገነ ይመስልሃል። ጋሼ ግን የፖስታውን ጀርባ አስወጡኝ። "አንብብ፤ አሁን የተጠራው ማነው?" አሉ። ሸራው ጉድጓዱ ውስጥ መተኛቱን የምትናገረው ማብሪያ ናት። እሷ አቤት አላለችም። ማብሪያዋን በጣታቸው ሲጫኗት ቴስተሩ ላይ ትሠራለች፤ ደህና ናት። የማብሪያዋ ድምፅ ግን ኮምፒውተሩ ጋ አይደርስም። ስለዚህ የተበላሸው መንገዱ ነው፤ ከእሷ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ሽቦ።

ሽቦው መክደኛው በሚታጠፍበት ማጠፊያ በኩል ያልፋል። ጣሪያው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው አድርገው ሁለቱን ጫፎች ያዙና "አንተ ደግሞ የሽቦውን እሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀስታ እያጠፍክ ሂድ" አሉኝ። ስሄድ ቴስተሩ ይጮኻል። ማጠፊያው አጠገብ ስደርስ ጸጥ አለ፤ ስለቀው ጮኸ። ሽፋኑን ስንከፍተው ቀጭኑ የመዳብ ክር ውስጥ ውስጡን ተቆርጦ፣ ፕላስቲኩ ግን ከላይ ሙሉ ሆኖ አገኘነው። ዓይን ብቻውን ቢፈልገው ዓመት አያገኘውም። ጋሼ የተቆረጠውን ብቻ አልቀጠሉም። ከማጠፊያው ወዲህና ወዲያ ረዘም አድርገው ቆረጡና በጣም ለስላሳ፣ ብዙ ክር ያለው ሽቦ በብየዳ ተኩ። መገጣጠሚያዎቹ ራሳቸው ከሚታጠፈው ቦታ ውጭ እንዲያርፉ አደረጉ። በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አለበሷቸው። ጎረቤት የነበሩትን ሽቦዎችም፣ ገና ያልተቆረጡትን፣ አብረው ቀየሩ፤ እኩል ታጥፈው እኩል ያረጁ ናቸውና።

ያን ዕለት ጣሪያው ተከፍቶ ተዘጋ። ደግመን ልንሞክረው ስንል ከለከሉን፤ እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች በተከታታይ እንዲሠሩ የተሠሩ አይደሉም፣ በየመሐሉ መቀዝቀዝ አለባቸው። ተቃጠሉ የሚባሉትም አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ነገር ሳይሠራ ሰው ማብሪያውን እየደጋገመ ሲጫናቸው ነው አሉ።

የዘይቱ ነገር ብዙ አያስወራኝም፤ ግን ሳልነግር ባልፍ ጋሼ ይቀየሙኝ ነበር። ወደ መኸሩ ላይ ከፊት መስታወቱ በላይ ካለው መቆለፊያ ዘይት ጠብ ማለት ጀመረ። የፒስቶኖቹ ጎማ መሰል ማሸጊያዎች ከዕድሜና ከሙቀት ብዛት ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ማንኛውም መኪና ላይ የሚደርስ ነው። ፒስቶኗን ፈትተው ማሸጊያዋን ለወጡ። ዘይት ሲሞሉ ሁለት ነገር አጥብቀው ነገሩኝ። አንደኛው፣ ፒስቶኖቹ ሲዘረጉና ሲሰበሰቡ የሚይዙት ዘይት ስለሚለያይ፣ መጠኑ የሚታየው የመኪናው መጽሐፍ ጣሪያው እንዲሆን ባዘዘው አቋም ላይ ሆኖ ነው። ሁለተኛው፣ ለማዕድን ዘይት የተሠራን ማሸጊያ የፍሬን ዘይት ያሳብጠዋል፣ ያበላሸዋል፤ "ዘይት ዘይት ነው" ብሎ ከጓዳ ያገኘውን የሚሞላ ሰው አንድ ፒስቶን ሊያድን ሁሉንም ይገድላል።

እነዚያን እሑዶች የማስታውሰው በእጃችን በሠራነው ብቻ አይደለም። ሥራው ሲያበቃ ቡና ይፈላ ነበር፣ ጋሼም ያወሩ ነበር። የሚያወሩት ስለ ጣሪያ ነው። የመጀመሪያውን፣ በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል ሸራውን የሚያነሣ መኪና ለገበያ ያወጣው ፕሊመዝ እንደሆነ፣ ዘመኑም 1939 እንደነበር ከእሳቸው ነው የሰማሁት። ከዚያ በፊት በ1930ዎቹ በፈረንሳይ ሙሉው የብረት ጣሪያ ወደ ኋላ ኮፈን የሚገባበትን ዘዴ የፈጠረው ዦርዥ ፖላን የሚባል የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ፔዦ "ኤክሊፕስ" ብሎ ሠራበት። ፖላን በናዚ ወረራ ዘመን በድብቅ ትግሉ ውስጥ ገብቶ በ1942 ጀርመኖች ረሸኑት። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ከተግባረ እድ ጓደኞቻቸው መካከል በቀይ ሽብር ያለቁ ነበሩ። በእጁ ብዙ ነገር መሥራት የሚችል ሰው በጥይት ሲጠፋ ምን እንደሚቀር ያውቁት ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያደንቁት ግን ከ1957 እስከ 1959 የተሠራውን ፎርድ ስካይላይነር ነበር። የብረት ጣሪያው በራሱ ታጥፎ ኋላ ኮፈን ውስጥ ይገባል፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በመኪና ውስጥ ባልነበረበት ዘመን። ሥራውን የሚመሩት ሪሌዎችና አሥር ትንንሽ የመጨረሻ ማብሪያዎች ነበሩ፣ ሽቦው ብቻ 610 ጫማ፣ ማለትም 186 ሜትር ያህል ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ 48,394 ብቻ ተሠርቶ ቆመ። ከዓመታት በኋላ አንድ የአሮጌ መኪኖች ትርዒት ላይ ሲከፈት ቆሜ አየሁት። ሕዝቡ የሚያየው ጣሪያውን ነበር፤ እኔ በየደረጃው መሐል ያለችውን ያችን አፍታ ዝምታ አዳምጥ ነበር። አንዷ ማብሪያ "ደርሷል" ስትልና ቀጣዩ ሪሌ ሲቀበላት የምትሰማ ዝምታ ናት። የጋሼ የፖስታ ጀርባ በሃምሳ ዓመት ቀድሞ በብረት ተጽፎ ነበር።

ዛሬ የምሠራው አሳንሰር ጥገና ነው። የአንድ ፎቅ በር ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን የምትናገር ትንሽ ማብሪያ ካልመለሰች ሃያ ፎቅ ያለው ሕንፃ አሳንሰር ንቅንቅ አይልም። ለሥራ ስጠራ ዘበኛው ወይም አስተዳዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸውን ዕቃ ስም አስቀድሞ ይነግረኛል፤ "ሞተሩ ነው"፣ "ቦርዱ ነው" ይለኛል። አመስግኜ አዳምጠዋለሁ። ከዚያ የት ፎቅ ላይ እንደቆመ፣ ሲቆም ምን እንዳሰማ እጠይቃለሁ። ከኮሌጅ የያዝኩት ወረቀት በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንጀራዬን የሰጠኝ ግን ያ ጓሮ ነው፤ ይህን ደግሞ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ጋሼ አሁን በሕይወት የሉም። የሙያ ማረጋገጫ የሚባለውን የአሜሪካ ወረቀት ሳይዙ ነው የሞቱት፤ በመቃብራቸው ላይ ግን መኪናቸውን ያስነሡላቸው ሰዎች ቆመው ነበር፣ ጓሮውን የሰጠን ሰውና የሳልቫዶሩ ጎረቤታችንም። በየከተማው እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች አሁንም አሉ ብዬ አምናለሁ፤ ማቆሚያ ቤት ውስጥ ቲኬት የሚቆርጡ፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዱ፣ የእጃቸውን ዕውቀት ማንም ያልጠየቃቸው። ያወቁትን ሳናውቀው ሲሄዱ የምናጣውን በገንዘብ መተካት አንችልም።

አጎቴ መኪናውን ጡረታ እስኪወጣ ይዞት ቆየ። ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ለአንድ የትምህርት ቤት መምህር ሸጠው፤ የፖስታውን ጀርባ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ከመኪናው መጽሐፍ ጋር አስቀምጬለታለሁ። የውኃ መውረጃዎቹን በየመኸሩ እንዲያጸዳም ነገርኩት።

አሮጌ ክፍት መኪና ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዲሲም ሁኑ ቴል አቪቭ ወይ ፍራንክፈርት፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጣሪያው ሲቆምባችሁ ማብሪያውን አትደጋግሙት፤ የት እንደቆመና ምን እንዳሰማ ጻፉ። ፖምፓው ተቃጥሏል የሚላችሁ ባለሙያ ሲገጥማችሁም፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት፣ ፖምፓው እየሠራ ሳለ በሁለቱም በኩል የለካውን የቮልት ቁጥር እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።